ስለ ብቸኛ ቁጥርና ስለ ባሕረ ሐሳብ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የመረጥነው ስለ ብቸኛ ቁጥር ነው። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነው።

በ2017 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ እስከዚያ ቀን ከታወቁት ሁሉ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር በኮምፒዩተር አገኘ። ይኸውም 136,279,841 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ነው። አኃዞቹ 41,024,320 ስለ ሆኑ፣ በአንድ ገጽ 1,000 ብንጽፍ ከ41,000 ገጽ በላይ ይፈጃል።

ነገሩን ስንመረምር ዓመቱ ራሱ ብቸኛ ሆኖ አገኘነው። 2017 ብቸኛ ነው፤ 5500 ሲጨመርበት የሚገኘው ዓመተ ዓለም 7517ም እንዲሁ ነው። የሚጠራጠር ቢኖር ከ2 እስከ 83 ባሉት 23 ብቸኛ ቁጥሮች ያካፍለው። 87 በ87 ሲባዛ ከ7517 ስለሚበልጥ፣ ከዚያ ወዲያ መፈለግ አያስፈልግም።

ደግሞም ዓመተ ዓለም ለ4 ተካፍሎ 1 ቢተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ከ2 በቀር ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ጎዶሎ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው ዓመት በማቴዎስ ወይም በሉቃስ እንጂ በሌላ አይውልም።

ከእኛ መካከል ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ገጠር፣ ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣን አለን። ወደዚህ ግቢ ስንገባ ያንን ትምህርት ከደበሎው ጋራ አውልቀን የምንጥለው መስሎን ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ እናውቃለን ለማለትም አፍረን ነበር።

ነገር ግን ባሕረ ሐሳብ የሚሠራው ምንድን ነው? 7517ን ለ19 አካፍሎ፣ ድርሻውን 395ን ትቶ፣ ቀሪውን 12ን ይይዛል። ከዚህ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ 121፤ በ30 ሲገደፍ 1 ይቀራል። የ2017 አበቅቴ እርሱ ነው።

ታላቁ ቁጥርም የተረጋገጠው፣ ፈረንሳዊው ሉካስ ጀምሮት አሜሪካዊው ሌመር ባሻሻለው፣ ቀሪን በመያዝ ዘዴ ነው። ከ4 ይነሣሉ፤ በራሱ አባዝተው 2 ይቀንሳሉ፤ በሚፈተነው ቁጥር ገድፈው ቀሪውን ይዘው ይደጋግማሉ። ከአምስት ሁለቶች ብዜት 1 ሲቀነስ የሚገኘውን 31ን እንፈትን። 4 ወደ 14 ይሄዳል፤ 14 ወደ 194፤ ይህም በ31 ሲገደፍ 8 ይቀራል። 8 በ8 64፣ ሁለት ሲቀነስ 62፤ በ31 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ 31 ብቸኛ ነው። ለእርሱ ሦስት ጊዜ በቃ፤ ለታላቁ ቁጥር ግን 136,279,839 ጊዜ መድገም ያስፈልጋል።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በየደብራችን ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባቶች አሉና፣ አንድ ቀን ወደ ሒሳብ ክፍላችን ተጋብዘው በጥቁር ሰሌዳው ፊት ይቁሙልን። እኛም ያን ጊዜ ያፈርንበትን ትምህርት በጓደኞቻችን ፊት ቆመን እናስረዳለን።