የአጥንት ቆጠራና የእግር እብጠት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ጭፍን ፍርድ በዕለት ኑሯችን» የሚል ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ለመወሰን መርጫለሁ። ይኸውም ከደንበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም እስከ ቡሬ በተዘረጋው ቀይ አፈር ላይ የሚኖረው ገበሬ የሚሸከመው፣ ሕዝቡ «ዝሆኔ» የሚለው የእግር እብጠት ነው። በሽታውን አታውቁትም ብዬ አይደለም። ደዌው በሥጋ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ሰው በሰው ላይ በሚሰጠው ፍርድ የሚመጣው ጉዳት ብዙ ጊዜ ይበልጣል ብዬ ስለማምን ነው።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚያደርጉት አጥንት መቁጠር ነው። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አለመኖሩ ይጣራል፤ ርስት በትውልድ ይወረስ በነበረበት ዘመንም ይኸው ቆጠራ የመሬት መብት ማስረጃ ነበር። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ሆኖም ከዝምድናው ጋር አብሮ የሚጣራ ሌላ ነገር አለ። «ከዘሩ ቡዳ አለበት? ቆማጣ አለበት? እግሩ ያበጠ አለበት?» ይባላል። ሦስቱ በአንድ ትንፋሽ መጠየቃቸውን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ማረሻ በሚቀጠቅጠውና ሸክላ በምትሠራው ላይ የተለጠፈ ስም ነው። ሁለተኛው በባክቴሪያ የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ሦስተኛው ከአፈር ጋር የተያያዘ ነው። በሽማግሌው ሚዛን ግን ሦስቱም «የዘር» ናቸው፤ የዘር ከተባለ ደግሞ ምርመራም ሕክምናም አያስፈልግም፤ መራቅ ብቻ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከልክለው ሰዳቢው እንደሚታሰር አስታውቀዋል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅም የአጥንት ቆጠራን ከመሬት ክፍፍል አስወጥቷል። አዋጆቹ ሽማግሌ ከሚላክበት ደጃፍ ግን አልደረሱም። (እግረ መንገዴን ልበልና፣ የጎጃም ገበሬ በጎረቤቱ ቀጥቃጭ ላይ የለጠፈውን የቡዳነት ስም፣ ራሱ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲገባ ሌላው ሲለጥፍበት ያገኘዋል። ከዚያ ተምሮ የተመለሰ ብዙ ሰው ግን አላየሁም።)

ወደ እግሩ ልመለስ። ኡመን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ጥናት በአገራችን በ56 ገበያዎች የገበያተኛውን እግር የቆጠረ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ደግሞ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነገሩን ከአፈሩ ጋር አገናኘው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ያለ ቀይ አፈር፣ ረቂቅ ብናኙ በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ እየዘለቀ የሊምፍ ቱቦዎችን ይጎዳል፤ ውሎ አድሮም እግር ያብጣል። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በቆላ አገር ትንኝ ከምታስተላልፈው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ትንኝም፣ ትልም፣ ተላላፊነትም የለበትም። በአገሪቱ ውስጥ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳለባቸው ተገምቷል።

በእኛው አካባቢ፣ በደንበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ከ17,500 በላይ ቤቶችን የጎበኘና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች መካከል 3.3 በመቶው በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። ይሁን እንጂ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ቁጥር አይደለም። ከታማሚዎቹ ግማሾቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ ያደረጉት 22 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነበር። እብጠቱ ከጀመራቸው በኋላም ሕክምና ለመፈለግ በአማካይ 5 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። አምስት ዓመት ሙሉ ምን ሲያደርጉ ነበር? ጸበል የሄደ አለ፤ መተት ረግጬ ነው ብሎ ፈውስ የፈለገ አለ። ብዙዎቹ ግን ይደብቁ ነበር።

እንዴት እንደሚደበቅም እንመልከት፤ የዕለት ኑሮ የሚባለው ይህ ነውና። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ስለዚህ ታማሚው ከቅጥሩ ውጭ ተሳልሞ ይመለሳል። እንግዳ ሲመጣ እግር ማጠብ የአገር ወግ ነው፤ ስለዚህ ዘመድ ቤት ማደር ይተዋል። የጽዋ ማኅበሩን ተራ ለወንድሙ ይለቃል። በገበያ ቀን ቀሚሷን እስከ መሬት የለቀቀች ሴት እህሏን ከሰው ፈንጠር ብላ ትዘረጋለች። ከቁስሉ የሚወጣው ሽታ ከእብጠቱ ይልቅ ሰውን ያርቃል፤ ራሱ ታማሚውም ይህን ስለሚያውቅ ማንም «ራቅ» ሳይለው ይርቃል። የፍርዱ ክፋትም እዚህ ላይ ነው፤ የተፈረደበት ሰው ራሱ አስፈጻሚ ይሆናል።

አሁን ስለ ራሳችን ልናገር። በደቡብ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎችን አስተያየት የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ከባለሙያዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ይተላለፋል ብለው እንደሚያምኑና ሲያክሙ ይይዘናል ብለው እንደሚፈሩ አረጋግጧል። ነጭ ካባ ለብሶ በርቀት የሚያናግር ሰው ለታማሚው የሽማግሌዎቹን ፍርድ በማኅተም ያጸድቅለታል። ያ ጥናት የሌላ ክፍለ ሀገር ነው የሚል ካለ፣ እባካችሁ በራሳችን ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ቁስል ለማጠብ ተራው ሲደርሰው ማን ጓንት ሁለት እንደሚደርብ ተመልከቱ።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ ፈጽሞ አልተሳሳቱም። ተመራማሪዎች በወላይታ ቤተሰቦችን ሲያጠኑ፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናትም በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት መኖሩን አሳይቷል። «ይህን ለሕዝቡ ከነገርነው ጋብቻ የሚከለክሉትን መደገፋችን አይደለምን? ከአፈር ነው ብለን እንለፍ» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ሐሳባቸው ከርኅራኄ የመጣ ቢሆንም አልስማማበትም። ባንድ ጓሮ አፈር ላይ ባዶ እግራቸውን ካደጉ ሁለት ጎረቤታሞች በአንደኛው ቤት ሦስት ወንድማማቾች ሲታመሙ በሁለተኛው ማንም እንዳልታመመ ገበሬው በዓይኑ ያያል። የሚያየውን ከካድነው ሌላውንም ቃላችንን አያምንም።

እናት «ዶክተር፣ ልጄንም ይይዘዋል ወይ?» ብላ ስትጠይቅ እኔ የምመርጠው መልስ ይህ ነው፦ «እናቴ፣ ልጅዎ ለዚህ አፈር የሚቆጣ እግር ወርሶ ይሆናል፤ እብጠቱን ግን አልወረሰም። ከዛሬ ጀምሮ እግሩን በሳሙና እየታጠበ ጫማ ካደረገ አያብጥም።» በዚህ መልስ ውስጥ ለሽማግሌውም የሚሆን አለ፤ ከልጅቱ ዘር እግር ያበጠ አለ ማለት ለልጆቿ ጫማ ይገዛላቸው ማለት እንጂ አትታጭ ማለት አይደለምና።

በእርግጥ ጫማው ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። በክረምት ጭቃው ከኮንጎ ጫማ ጋር ስለሚጣበቅ ገበሬው ትልም ሲጀምር ያወልቀዋል፤ በትከሻው አንጠልጥሎ ይሄዳል። ይህ የድንቁርና ነገር አይደለም፤ የሚታረስበት ጫማ ገና አላገኘንለትም።

ሕክምናው ግን በእጃችን ነው፤ ሳሙና፣ በውሃ የቀጠነ በረኪና፣ ቅባት፣ መጠቅለያ ጨርቅ፣ ካልሲና ጫማ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ፣ ይህ ቀላል እንክብካቤ እግሩ እየጋለ የሚያስተኛውን ሕመም በአምስት አንድ እጅ ያህል እንደቀነሰ አስመስክሯል። ሽታው ሲጠፋ ደግሞ ሰው ወደ ጎረቤቱ ደጅ ይመለሳል።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ጠባብ ነው። በአንዳንድ ጤና ጣቢያ የእግር ማጠቢያው ሳፋ ከጓሮ በኩል፣ ከሌላው በሽተኛ ተለይቶ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ምክንያቱ የታማሚውን ክብር ለመጠበቅ ነው ይባላል። እኔ ሳፋው የሌላው ቁስል በሚታጠብበት ክፍል፣ በዚያው ተራ ይሁን እላለሁ። ታማሚዎቹ ራሳቸው ጓሮውን ይመርጣሉ የሚል ባልደረባ ካለ፣ ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ መድረኩ የእርሱ ነው።