ፍርሃትን ማርገብ፣ ጥርስን ማዳን፦ በጥርስ ሕክምና ጊዜ ስለሚሰጡ ማረጋጊያዎች

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ሰው መንጋጋ ጥርሳቸውን ታመው መጡ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ፤ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። መርፌውን ሳነሣ ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ያበረታታሁ መስሎኝ፣ «አይዞዎት፤ ወንድ ልጅ ሆነው መርፌ ይፈራሉ እንዴ?» አልኋቸው። ፈገግ ለማለት ሞከሩና፣ «አንድ ጊዜ ደጅ ደርሼ ልምጣ» ብለው ወጡ፤ አልተመለሱም። ዳግመኛ ያየኋቸው ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጉንጫቸውና የአገጫቸው ሥር አብጦ፣ አፋቸውን መክፈት ተስኗቸው፣ ምራቃቸውን መዋጥ እየቸገራቸው ነበር። በሙሌት ሊድን ይችል የነበረ ጥርስ ሆስፒታል አስተኛቸው። «የፈሩት ይደርሳል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ያን ቀን በሌላ ትርጉም ገባኝ፤ የፈሩት የደረሰባቸው ስለ ፈሩ ነበር። ፍርሃታቸውን ያላዳመጥሁ ደግሞ እኔ ነበርሁ።

ዛሬ የምናገረው እንዲህ ላለው ሰው ሕክምናው ምን ሊያቀርብለት እንደሚችል ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል፤ የጥርስ ሕክምና ፍርሃት የጠባይ ጉድለት አይደለም። እንደ ደም ግፊት ሁሉ የሚጠየቅና የሚለካ ነገር ነው። ኖርማን ኮራ የተባሉ ተመራማሪ በ1969 እ.ኤ.አ. የፍርሃት መለኪያ አዘጋጅተዋል፤ በ1995 ተሻሽሎ ዛሬ በብዛት በሥራ ላይ ያለው መለኪያ አምስት ጥያቄዎች ብቻ አሉት። ውጤቱ ከ5 እስከ 25 ይደርሳል፤ 19ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ፍርሃቱ ብርቱ ነው ይባላል። ታካሚው ተራ ሲጠብቅ ሊሞላው የሚችለው ይህ ቅጽ፣ እኔ በስድብ የዘጋሁትን በር ሊከፍት ይችል ነበር።

ፍርሃት ሥጋዊ መዘዝም አለው። የፈራ ሰው ይዘገያል፤ በዘገየ ቁጥር ጥርሱ ይመረቅዛል። የመረቀዘ አካል አሲዳማ ስለሚሆን ደግሞ የማደንዘዣው መርፌ እንደሚገባው አይሠራም። ስለዚህ የዘገየው ታካሚ ከሌላው ይልቅ ያመዋል፤ ሕመሙም የቀድሞ ፍርሃቱን እውነት አድርጎ ያጸናበታል። ይህን አዙሪት መስበር የሐኪሙ ግዴታ ነው።

በቋንቋችን «ማደንዘዣ» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተሸክሟል። ጥርሱን ብቻ የሚያደነዝዘውን መርፌም፣ ታካሚውን የሚያረጋጋውንም፣ ፈጽሞ የሚያስተኛውንም በዚሁ አንድ ቃል እንጠራለን። ስለዚህ ዛሬ ለይቼ እናገራለሁ። ማደንዘዣ የምለው የሕመምን ስሜት ከቦታው የሚያጠፋውን፣ ለምሳሌ ሊዶኬይንን ነው። ማረጋጊያ የምለው ታካሚው ነቅቶ፣ ሲያነጋግሩት እየመለሰ፣ ጭንቀቱ ብቻ እንዲረግብ የሚያደርገውን ነው። ማረጋጊያ ጭንቀትን እንጂ ሕመምን አያስወግድም። ማረጋጊያ የወሰደ ሰውም የማደንዘዣው መርፌ ያስፈልገዋል።

ይህን ልዩነት ታሪክ በከባድ ዋጋ አስተምሮናል። በዲሴምበር 1844 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሃርትፎርድ ከተማ ሆራስ ዌልስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ለመዝናኛ በቀረበ ትርኢት ላይ ናይትረስ ኦክሳይድ የሳበ ሰው እግሩ ቆስሎ ሕመሙ እንዳልተሰማው ተመለከተ። በማግስቱ ጋዙን ራሱ ስቦ ጥርሱን አስነቀለ። ጥቂት ቆይቶ በቦስተን በሐኪሞችና በተማሪዎች ፊት ሊያሳይ ሲሞክር ግን ታካሚው ጮኸ፤ ዌልስም ተሣለቁበት። ጋዙ ከታካሚው ቶሎ ተነሥቶ ነበር ሲል በኋላ አስረድቷል። ትምህርቱ ግን ከዚያም ያልፋል፤ ይህ ጋዝ ማረጋጊያ እንጂ ብቻውን የሚታመኑበት ማደንዘዣ አይደለም።

አሁን ወደ አማራጮቹ ልለፍ። የመጀመሪያው መድኃኒት የለውም። ለታካሚው የሚደረገውን አስቀድሞ መንገር፣ «እጅዎን ካነሡ አቆማለሁ» ብሎ ቃል መግባትና ቃሉን መጠበቅ፣ ድዱን በቅባት አደንዝዞ መርፌውን በዝግታ፣ አንድ ሚሊ ሊትሩን በአንድ ደቂቃ ያህል መስጠት ነው። ለሕፃናት መንገር፣ ማሳየት፣ ከዚያ ማድረግ የሚለው ሥርዓት አለ። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ሁሉ በዚህ ላይ የሚታከሉ እንጂ ይህን የሚተኩ አይደሉም።

ሁለተኛው በአፍንጫ ጭምብል የሚሳበው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲደርስ ታካሚው ይረጋጋል። በደቂቃዎች ይሠራል፤ በመጨረሻ ለ5 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ በደቂቃዎች ይለቃል። ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ኦክስጅኑ ከ30 በመቶ እንዳያንስ ይከለክላሉ። አፍንጫው የተዘጋ ሰው፣ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ያለች ሴት፣ በቅርቡ ዓይኑ ውስጥ ጋዝ የገባበት ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ያለበት ሰው ግን ሊወስዱት አይገባም። ክፍሉም ለሠራተኞች ጤና ሲባል ትርፉን ጋዝ የሚያስወግድ መሣሪያ ሊኖረው ይገባል።

እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከት ነገር አለ። የጋዙ ኃይል የሚወሰነው በመቶኛው ብቻ ሳይሆን በአየሩ ግፊት ጭምር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ እዚህ 50 በመቶ የሳበ ታካሚ የሚያገኘው ውጤት በባሕር ጠረፍ 38 በመቶ ገደማ ከሳበው ሰው ጋር ይቀራረባል። የውጭ መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ተከትሎ «ጋዙ አልሠራም» ማለት ስሕተት ነው፤ መመሪያችን የታካሚው ሁኔታ ይሁን።

ሦስተኛው የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ዳያዜፓም ወይም ሚዳዞላም። ርካሽና ቀላል ነው። ነገር ግን በሆድ በኩል ስለሚገባ መጠኑን እያዩ ማስተካከል አይቻልም፤ «ገና አልያዘኝም» ብሎ ሁለተኛ መድገም አደገኛ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ለድፍረት ሲባል ቤት ውስጥ አረቄ ቀምሶ፣ ከጎረቤት ያገኙትን የእንቅልፍ ክኒን ጨምሮ መምጣት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ትንፋሽን ያዳክማሉ።

አራተኛው በደም ሥር የሚሰጠው ሚዳዞላም ነው። በጥቂት በጥቂቱ እየተሰጠና እየተጠበቀ ስለሚጨመር ለእያንዳንዱ ሰው የሚበቃው ልክ ይገኛል። ማርከሻ መድኃኒትም አለው፤ ፍሉማዜኒል ይባላል። ሆኖም የማርከሻው ኃይል ከመድኃኒቱ ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል፣ የነቃው ታካሚ ተመልሶ ሊያንቀላፋ ይችላል። የመጨረሻው ሙሉ ማደንዘዣ ነው፤ ይህ በሆስፒታል፣ በማደንዘዣ ባለሙያ እጅ፣ ብዙ ጥርሶቻቸው ለተጎዱ ትንንሽ ልጆችና በሌላ መንገድ ሊታከሙ ለማይችሉ ሰዎች የሚቀመጥ ነው።

ከእነዚህ የትኛው ይሻላል? ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «የማላስታውሰው ይሻለኛል» የሚል ነው። በርግጥም ሚዳዞላም የወሰደ ሰው የተደረገለትን አብዛኛውን ይረሳል። ይህ ለአስቸኳይ ነቀላ በረከት ነው። ሆኖም አስቡት፤ ሕክምናው ያለ ሕመም ማለፉን ያላስታወሰ ሰው ምን ይማራል? በሚቀጥለው ቀጠሮ ያው የቀድሞ ፍርሃት ይጠብቀዋል። በናይትረስ ኦክሳይድ ወይም በመልካም ንግግር ብቻ የታከመ ሰው ግን «ተቀመጥሁ፤ እጄን ሳነሣ ቆሙልኝ፤ አላመመኝም» የሚል ትዝታ ይዞ ይወጣል። ከዚህ የተነሣ የምመክረው ይህን ነው፤ የዛሬውን ሕክምና ከሚያስችሉት መንገዶች መካከል ቀላሉን ምረጡ፤ ብርቱው ካስፈለገም በቀጣዮቹ ቀጠሮዎች ደረጃ በደረጃ ወደ ቀላሉ ለመውረድ ዕቅድ ይኑራችሁ።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር አልወርድም። የማረጋጊያ አደጋ በብዛት የሚመጣው በትንፋሽ በኩል ነው፤ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ እኛ ደግሞ የምንሠራው ውኃና ደም ባለበት በዚያው መተላለፊያ ላይ ነው። በተለይ በሕፃናት ላይ ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን መደራረብ ሕይወት ያሳጣል። የልጁ ክብደት ሳይመዘን መጠን አይታዘዝም። ስለዚህ ታካሚም ወላጅም ይህን ለመጠየቅ መብት አላችሁ፦ ጥርሱን ከሚሠራው ሐኪም ሌላ ታካሚውን ብቻ የሚከታተል የሠለጠነ ሰው አለ? የኦክስጅን መጠን የሚለካው መሣሪያ ጣት ላይ ይደረጋል? ኦክስጅንና ማርከሻው በእጅ አሉ? መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ቀጠሮውን መተው ነውር አይደለም።

እናንተም በበኩላችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ መጠጥንና ጫትን፣ እርግዝናን፣ በእንቅልፍ ሰዓት ማንኮራፋትን አትደብቁ። የሚዋጥ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ማረጋጊያ የወሰደ ሰው ቤቱ የሚያደርሰውና አብሮት የሚቆይ ሰው ይፈልጋል፤ ለ24 ሰዓት መኪና አይነዳም፤ ውል አይፈርምም። ምግብና ውኃ መቼ መቆም እንዳለበትም ከቀጠሮው በፊት ጠይቁ።

ተማሪዎቼ ሆይ፤ የነገርኋችሁ መድኃኒት ሁሉ ባይኖር እንኳ፣ የፈራን ሰው ሳያፍር «እፈራለሁ» እንዲል ማድረግ በእጃችሁ ነው። እኔ ያን ሰው በሽሙጥ ፈንታ «ከሁሉ የሚያስፈራዎት የትኛው ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ፣ ምናልባት ጥርሳቸው ዛሬ በአፋቸው ውስጥ ይኖር ነበር።