ቍጥርና ተጫዋች፤ የቤዝቦል መዝገብ የሚመዝነውና የማይመዝነው



የተማሪን የዓመት ድካም በአንድ ማርክ ጠቅልሎ ማስፈር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በዚህ ጉባኤ ላሉት መንገር አያስፈልግም። ቍጥር ሰውን እስከ ምን ድረስ እንደሚመዝን ለመመርመር ግን የአሜሪካኖች ቤዝቦል መልካም ማስረጃ ይሰጣል፤ እንደዚህ ጨዋታ በቍጥር የተመዘገበ የሰው ሥራ ጥቂት ነውና።

በቤዝቦል አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፤ ከሌላው ወገን አንድ ሰው በዱላ መትቶ ቤዝ ወደሚባለው ማረፊያ ይሮጣል። ማረፊያዎቹን ሁሉ ዞሮ ወደ ተነሣበት የደረሰ ለወገኑ ነጥብ ያስገባል። በ19ኛው መቶ ዓመት ሄንሪ ቻድዊክ የተባለ፣ በእንግሊዝ አገር የተወለደ ጋዜጠኛ፣ ውጤቱን በሰንጠረዥ ማስፈርን አስፋፋ። የመቺ ዋና ሚዛን ሆኖ የኖረው አማካይም የተሳኩት ምቶች ለመምታት በተሰለፈበት ተራ ብዛት ሲካፈሉ የሚገኘው ነው።

በ1941 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የቦስተኑ ቴድ ዊሊያምስ የውድድሩ የመጨረሻ ቀን ሲደርስ በ448 ተራ 179 ምት ነበረው። ይህም 0.39955 ስለ ሆነ በመዝገብ 0.400 ተብሎ ይጻፍለት ነበር። አሠልጣኙ ጆ ክሮኒን ቢፈልግ እንዲቀመጥ ፈቀደለት። ዊሊያምስ እምቢ ብሎ በዚያው ቀን በፊላዴልፊያ በተደረጉት ሁለት ጨዋታዎች ተሰለፈ፤ በ8 ተራም 6 ጊዜ መትቶ 0.406 ደረሰ። መዝገቡ 0.406ን ይዞአል፤ እምቢታውን አልያዘም።

ከዚህ የሚብስ ጉድለት ግን አለ። ወርዋሪው አራት ጊዜ ከተወሰነው ክልል ውጭ ቢወረውርና መቺው ታግሦ ባይነካው፣ ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ያልፋል። ዊሊያምስ በዚያው ዓመት 147 ጊዜ እንዲህ አለፈ፤ በአማካዩ ግን ይህ ከምትም ከተራም አይቈጠርም። ትዕግሥቱ ወገኑን ጠቀመ እንጂ አማካዩን አላሳደገውም። የክለብ ሥራ አስኪያጁ ብራንች ሪኪ ከስታቲስቲክስ ዐዋቂው ከአለን ሮት ጋር የሠራውን ስሌት በ1954 ላይፍ በተባለው መጽሔት ገልጦ ይህን አመለከተ፤ ክለቦቹ ግን ብዙ ዘመን ችላ አሉት። በ2002 ገንዘብ ያጠረው የኦክላንድ ክለብ ሌሎች የናቋቸውን ትዕግሥተኞች በርካሽ ቀጥሮ 103 ጨዋታ አሸነፈ። (ሦስት ብርቱ ወርዋሪዎችም እንደ ነበሩት፣ ታሪኩን የሚያወሩት ብዙ ጊዜ ይረሱታል።) ቢሆንም ቍጥሩ ዓይን ያላየውን ማሳየቱ አይካድም።

ኳስ በሚይዙት ላይ ደግሞ የቀድሞው ሚዛን ግልጽ በደል ይፈጽማል። ፈጣኑ ከሩቅ ሮጦ ደርሶ ኳሱ ቢያመልጠው ስሕተት ሊጻፍበት ይችላል፤ ዘገምተኛው ያልደረሰበት ኳስ ግን ስሕተት አይባልበትም፤ መዝገቡም ንጹሕ ሆኖ ይኖራል። ከባድ ጥያቄ ሲመጣ እጁን የማያነሣውን ተማሪ መምህራን ያውቁታል።

ጨርሶ በሚገባ ያልተመዘገበውስ? ጥቁሮች በቀለማቸው ምክንያት ከታላላቆቹ ሊጎች በታገዱበት ዘመን ጆሽ ጊብሰን የተጫወተው በጥቁሮች ሊግ ሲሆን፣ የጨዋታዎቹ ውጤት በየጋዜጣው ተበትኖ ነበር። ጊብሰን በጥር 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ፤ ጃኪ ሮቢንሰን በሪኪ ክለብ ተሰልፎ ክልከላውን የሰበረው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነው። ተመራማሪዎች ከአሮጌ ጋዜጦች ሲለቅሙ ኖረው፣ በ2024 የጥቁሮቹ ሊግ ቍጥር ከዋናው መዝገብ ጋር ሲዋሐድ፣ የጊብሰን የዕድሜ ልክ አማካይ 0.372 ሆኖ ከታይ ኮብ 0.367 በላይ ተቀመጠ። ከሞተ 77 ዓመት አልፎት ነበር። ውጤታቸው በየትም ጋዜጣ ያልተገኘው ጨዋታዎች ግን ዛሬም ከድምሩ ውጭ ናቸው።