ልኩን የምታውቀው ንቢቱ ናት



ንብ ማነብ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የገጠሩ አናቢ ከአባቱ በወረሰው ዘዴ ቀፎውን በእበት ለስኖ፣ በጭስ አጥኖ፣ ከዛፍ ላይ ሰቅሎ መንጋ ሲጠብቅ ኖሯል። ዛሬ የሚተረከው ግን ይህን ዕውቀት ሳይዝ፣ በሜትርና በመጋዝ ብቻ ተማምኖ አዲስ አበባ ውስጥ በጓሮው ንብ ማነብ የጀመረ የአንድ መሐንዲስ ታሪክ ነው።

ሰውየው የመረጠው ከአናቱ አግዳሚ እንጨቶች ተጠጋግተው የሚደረደሩበትን፣ የሽግግር ቀፎ የሚባለውን ነበር። በዚህ ቀፎ እያንዳንዱ አግዳሚ አንድ የማር እንጀራ ይሸከማል። የአግዳሚውን ስፋት ስለ አውሮፓ ንብ ከተጻፈ መጽሐፍ ወስዶ 35 ሚሊሜትር አደረገው። አናጢነቱ እንከን አልነበረውም። መንጋው ገብቶ ከሰነበተ በኋላ ግን ከዳር ያሉት እንጀራዎች ብቻ በየአግዳሚያቸው ተንጠልጥለው፣ የቀሩት እያፈነገጡ ሁለት ሁለቱን አግዳሚ አጣብቀው ተገኙ። አንዱን ሲያነሣ ሌላው ተቀደደ፤ ማሩ ፈሰሰ፤ እጩም ተጨፈለቀ።

የምሥራቅ አፍሪካ ንብ ከአውሮፓዋ በአካል አነስ ስለምትል የሚስማማት ስፋት 32 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የ3 ሚሊሜትር ልዩነት ለአናጢ ኢምንት ናት፤ በ10 አግዳሚ ስትባዛ ግን 30 ሚሊሜትር፣ ይኸውም የአንድ እንጀራ ቦታ ያህል ትሆናለች። አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ዓ.ም. ያስተዋለው ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም። ንቦች ለመተላለፊያቸው ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር የሚሆን ክፍተት ይተዋሉ፤ ከዚህ የጠበበውን ከዕፅዋት በሚሰበስቡት ሙጫ ይደፍኑታል፤ የሰፋውን በእንጀራ ይሞሉታል።

ሁለተኛው ስሕተት የችኮላ ነበር። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ለማየት በየሁለት ቀኑ፣ ያውም በእኩለ ቀን፣ ቀፎውን ይከፍት ጀመር። የተቆጡት ንቦች የጎረቤት ልጆችን ነደፉ። ይቅርታ ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ የልጆቹ አያት፣ «ልጄ፣ ንብ ሲመሽ እንጂ በጠራራ ፀሐይ አትነካም። ደግሞስ ቤትህን በየቀኑ ቢበረብሩብህ ትቀመጣለህ?» አሉት።

ምክሩን ሰምቶ ሰዓቱን አስተካከለ። ሆኖም አደይ አበባ አልፎ ኅዳር ሲገባ፣ የመጀመሪያው ማር ደስታ አሸነፈውና አንድም እንጀራ ሳያስቀር ቆረጠ። የአገራችን ንብ ምግብ ሲያጥራት ቤቷን ጥላ የመኮብለል ጠባይ አላት። በጥር ወር አንድ ማለዳ ቀፎው ባዶውን ተገኘ። አዛውንቱ መጥተው አዩና፣ «ድርሻቸውን ትተህላቸው ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁ። መልስ አልነበረውም።

በሚቀጥለው ዓመት አግዳሚዎቹን በ32 ሚሊሜትር ቆረጠ፤ ንቦቹ መሥመሩን እንዲከተሉ በየአግዳሚው መካከል ጥቂት ሰም ቀባ፤ ቀፎውን የከፈተበትን ቀንና ያየውን ሁሉ በደብተር መዘገበ። ማር ሲቆርጥም ለበጋው የሚሆን ስንቅ ለመንጋው አስቀረ። የወሰደው ማር ከመጀመሪያው ዓመት ያነሰ ነበር፤ በጥር ግን ቀፎው ባዶ አልሆነም።

እንግዲህ ለሰው ቤት፣ መንገድና ግድብ የምንነድፍ ባለሙያዎች ከዚህ ጓሮ የምንወስደው ትምህርት አለ። ትክክለኛ ልኬት ከተሳሳተ ቦታ የተወሰደ እንደሆነ የእጅ ጥራት አያድነውም። ንድፉ ከመሠራቱ በፊት ነዋሪውን ማወቅ፣ የቀደመውንም ሰው መጠየቅ ይገባል።