ሕሙማን የተኙበት ቤተ መንግሥት
(በኢዮቤልዩ በዓል በላሊበላ የተነገረ ቃል)



እኛ የላስታ ሰዎች ከዓለት ስለ ተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ዘወትር እንናገራለን። እኔ ግን ዛሬ በጎንደር ስላለ አንድ ፍርስራሽ ቤት ጥቂት እነግራችኋለሁ።

እቴጌ ምንትዋብ ዐፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ በደብረ ፀሐይ ቍስቋም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ። በ1762 ዓ.ም. ፈንጣጣ ገብቶ የመሳፍንቱ ልጆች በዚያ ቤት ታመው ተኙ። በኋላ የንጉሥ ላሊበላንም ታሪክ በመጽሐፉ ያነሣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሊያክማቸው ተጠራ። እርሱ እንደ ጻፈው፥ በሩንና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ከሕሙማኑ የሞቱም የዳኑም ነበሩ።

ዛሬ የዚያ ቤት ጣራው የለም፤ ግንቡ ብቻ ቆሞአል። ፈንጣጣም በ1968 ዓ.ም. ከአገራችን ጠፍቶአል። እኛ ግን ነፋስ እንዳይመታው ብለን ሕመምተኛን እስከ ዛሬ በተዘጋ ቤት እናስተኛለን።

ወገኖቼ ሆይ፤ ያን ቤት የሚያስከብረው ነገሥታት ስለ ተቀመጡበት ብቻ አይደለም፤ ለታመመ ሰው ስለ ተከፈተም ነው። ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፤ ጸሎታችሁን አታቋርጡ፤ መስኮታችሁንም ክፈቱ።