የድሮውን የቤተሰብ ፊልም ቤታችን ሆነን ለማየት
(በወርሃዊው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ብድርና ቁጠባ አይደለም። ባለፉት ወራት ከአባላት ደጋግሞ የመጣልን ጥያቄ «የድሮ የቤተሰብ ፊልም ቤታችን ሆነን ለማየት ከየት እናገኛለን?» የሚል ነው። ቪዲዮ ቤት በነበረ ጊዜ ካሴት ተከራይቶ መምጣት ነበር። አሁን ልጆቹ «ሁሉም ስልክ ላይ አለ» ይሉናል። አቦ፣ ሁሉም የለም! ከቀፊራ እስከ ታይዋን ሲዲ ሻጮችን ጠየቅን፤ አዲስ አዲሱን እንጂ የድሮውን የሚያውቅ አላገኘንም።

የፈለግነው የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነበር። የተቀረጸው ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ጊዜ አካባቢ ነው፤ ለተመልካች የቀረበው ደግሞ በፈረንጆቹ 1976። ጥቁርና ነጭ ነው፣ በአማርኛ ነው፣ 150 ደቂቃ ይፈጃል። ታሪኩ ወላጅም ልጅም ከጎህ እስከ ምሽት ለባለመሬት ስለሚለፉበት አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ነው። ለቸኮለች ሴት ይሰለቻል፤ እርሻው፣ ከብት ጥበቃው፣ የቤቱ ሥራ ሁሉ ጊዜውን ወስዶ ነው የሚታየው። እኛ የወደድነው ግን ይህንኑ ነው። የእናቶቻችንን ድካም እንዲህ ታግሶ የሚያሳይ ብዙ ፊልም የለም።

ስትፈልጉ ከስሙ ጀምሩ። «ሦስት» ወይም «ሶስት»፣ «ሺህ» ወይም «ሺ»፣ «ዓመት» ወይም «አመት» እያላችሁ ቀያይራችሁ ጻፉ። በእንግሊዝኛ «ሃርቨስት፦ ስሪ ታውዘንድ ይርስ» ይባላል። የዳይሬክተሩን ስም ጨምሩበት፤ አለዚያ ስለ ዘንድሮ የስንዴ ምርት የሚያወራ ዜና ነው የሚመጣላችሁ። ቀጥሎ ርዝመቱን እዩ፤ «ሙሉ ፊልም» ተብሎ 20 ደቂቃ ከሆነ ቅንጫቢ ነው። ቴሌግራም ላይ «ይህን ተጫኚ» ብሎ የቴሌብር የምስጢር ቁጥር የሚጠይቃችሁ ካለ ደግሞ ሌባ እንጂ ፊልም ሻጭ አይደለም። ቁጥሩን ለማንም አትስጡ።

ለዚህ ፊልም የሚሻለው መንገድ ግን በዘመድ በኩል ነው። ኃይሌና ባለቤታቸው ሽሪኪያና አይና ዋሽንግተን ውስጥ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ «ሳንኮፋ» የሚባል የመጻሕፍትና የፊልም መደብር አላቸው። አሜሪካ ዘመድ ያላት እህት በዲቪዲ እንዲፈልግላት እዚያ ትላከው። የእኛም ቅጂ የመጣው በአንዲት ደጋፊያችን ሻንጣ ነው፤ እግዜር ይስጥልን። ገንዘቡም ለሠሪው ይደርሳል። እኛ የሰፋነውን መሶብ ሌላው በነጻ ቢያድልብን ምን እንደሚሰማን የምታውቁት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በፊልሙ ውስጥ ከብት የምትጠብቀውን ልጅ ጎርፍ ይወስዳታል። ሌላ ቦታ ሆኖ ለሚያየው ሰው ይህ ታሪክ ነው። እኛ ግን ደቻቱ ነን። በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ በዚያ ሌሊት፣ አብዛኛውን ዓመት በአሸዋው ላይ በእግር የምንሻገረው ወንዝ ከ200 በላይ ሰው በልቷል። መካከላችን ልጅ ያጣች አለች፤ እናት ያጣች አለች።

ስለዚህ ኮሚቴው ውስጥ ተከራከርን። ግማሾቻችን «ይቅር፣ ቁስል አንነካካ» አልን። ከዚያ አንዲት እናት እንዲህ አሉ፦ «የእኔ ልጅ ስትወሰድ ማንም አላየላትም። የዚችን አብረን እንይላት።» ከዚያ በኋላ ይቅር ያለ ሰው አልነበረም።

ግን ተስማምተን ያስቀመጥነው ነገር አለ። ቅጂውን ተውሳ ቤቷ የምትወስድ እህት ብቻዋን አታየውም፤ ጎረቤት ትጥራ። አያት ወይም አዛውንት ባሉበት ቤት ከመከፈቱ በፊት ጎርፍ እንዳለበት ይነገር። ትንንሽ ልጆችም ለብቻቸው አይተዉ።

በማኅበሩ ቤት በመጪው የቁጠባ ቀን፣ ከቡናው በኋላ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ እናያለን፤ ቀሪውን በሳምንቱ። ጎርፉ ሊመጣ ሲል ፊልሙን አቁመን እንናገራለን። መውጣት የምትፈልግ እህት በር በሩን ትቀመጥ፤ አብራት የምትወጣ ሰውም መድበናል።