ከቀጠሮ የቀረው ታካሚ፦ የአጥንት ሕክምና ውጤትን ስለ መከታተል



ዛሬ የምናገረው ስለ ቀዶ ሕክምና ጥበብ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ስለሚነሣ ጥያቄ ነው። ስብራቱን ያከምንለት ሰው ከዓመት በኋላ እንዴት ሆነ? እዚህ ጉለሌ፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ባለበት ክፍለ ከተማ፣ ይህ ጥያቄ የዕለት ተዕለት ጉዳያችን ሊሆን ይገባል።

የቦስተኑ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ጥያቄውን ከመቶ ዓመት በፊት አንሥቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1916 ከግል ሆስፒታሉ የወጡ 337 ታካሚዎችን ተከታትሎ 123 ስሕተቶችን በይፋ አሳተመ። ስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 የሰው ሠራሽ ጉልበት፣ በ1979 የሰው ሠራሽ ዳሌ አገር አቀፍ መዝገብ ጀመረች። የትኛው ተከላ ቶሎ እንደሚበላሽ የታወቀው በእነዚህ መዛግብት ነው።

በእኛ ዘንድ ግን ዋናው ሸክም የአደጋ ስብራት ነው፤ ታካሚውም ከክፍለ ሀገር መጥቶ ወደ ሩቅ ቀዬው ይመለሳል። አንድ ምሳሌ እናስብ። 100 ሰዎች ታከሙ፤ 60ዎቹ በቀጠሯቸው ተመለሱ፤ ከእነርሱም 54ቱ ድነዋል። «ከመቶ 90 ድኗል» ብንል ያየናቸውን ብቻ ቈጠርን ማለት ነው። ያላየናቸው 40ዎቹ ሁሉም ድነው ከሆነ ውጤቱ 94 ነው፤ አንዳቸውም ካልዳኑ 54 ነው። ከቀጠሮ የቀረው ሰው ድኖ እርሻው ላይ ይሆናል፤ ቁስሉ መግሎ የመሳፈሪያ አጥቶም ይሆናል፤ ወጌሻ ዘንድ ሄዶም ይሆናል። ዝምታው ስለ መዳኑ ምስክር አይሆንም።

ለጭን አጥንት ስብራት የሚሆን ብረት ለድሃ አገሮች ሆስፒታሎች የሚለግሰው ሳይን የተባለ ድርጅት፣ ሐኪሞች የታካሚውን ራጅና ክትትል በጋራ መዝገብ እንዲያስገቡ ይጠይቃል። ከመረጃዎቹም አንዱ ታካሚው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ሲል የሚነሣው ፎቶግራፍ ነው። ቁጢጥ ብሎ ለሚያርም ገበሬ ይህ መለኪያ ትርጉም አለው። ሆኖም ፎቶግራፍ የሚነሣው የተመለሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የራሱና የአንድ ዘመዱ ስልክ ይመዝገብ፤ ቀኑም በአንድ የዘመን አቈጣጠር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የሚደውል ሰው ይመደብ፤ ያለ ምርኩዝ ይራመዱ እንደ ሆነ፣ ወደ ሥራቸው ተመልሰው እንደ ሆነ፣ ቁስሉ ይመግል እንደ ሆነ ይጠይቅ። ወጌሻ ዘንድ መሄዳቸውን ሲጠይቅ ወቀሳ አይኑርበት፤ የተወቀሰ ሰው እውነቱን ይሸሽጋልና። ሦስተኛ፣ በምናሳትመው ጥናት ሁሉ ከዳኑት አጠገብ ያላገኘናቸው ሰዎች ቍጥር ይጻፍ።

ይህ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ የማናውቀውን ቈጥሮ የመናገር ድፍረት ግን ይፈልጋል።